የአክስቴ ጎታ

ኅዳር 3 ቀን 2012 ዓ.ም፣ መካነ ሰላም

ከደሴ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጉጉፍቱ ላይ የአውቶቡሱ መስታወት ከውስጥ በትንፋሻችን ደፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት የጋቢያቸውን ጫፍ ገልጠው «ና ግባ ልጄ፣ የጉጉፍቱ ብርድ እንግዳ አይለይም» አሉኝ። አቀስታን አልፈን ወደ ቦረና ስንገባ ፀሐይዋ ሞቅ አለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ገብስ ተከምሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይም በሬዎች እየዞሩ ነው። ኅዳር እዚህ የጥጋብ በር ነው።

እኔ ግን የመጣሁት ራሴን ምግብ ከልክዬ ነው። የካቲት 2011 ላይ 96 ኪሎ ነበርኩ። የደም ግፊቴን የለካኝ ሐኪም «ኪሎ ካልቀነስክ መድኃኒት መጀመርህ ነው» ካለኝ ቀን አንስቶ የማታ እንጀራ ተውኩ። ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀመርኩ። አዲስ አበባ መንገዶቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ በምትከፍትበት እሑድም ከቤት አልቀርም። እስከ ሐምሌ መጨረሻ 11 ኪሎ ወረደልኝ፤ ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አስጠበብኩ። ከነሐሴ ወዲህ ግን ሚዛኑ 85 ላይ ቆሞ ቀረ። ምሳዬን ቀነስኩ፣ ሩጫውን ከ40 ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት አሳደግኩ፣ ቁርስ ዘለልኩ። ሦስት ወር ሙሉ አልነቃነቅ አለ። የሚያሠራኝ አሰልጣኝ «አንተ ጋ የጎደለው ቁርጠኝነት ነው» አለኝ። በባዶ ሆዱ አንድ ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ይህ ቃል ከረሃቡ ይብሳል። ያን ሰሞን ነው የእናቴን ታላቅ እህት ለመጠየቅ ወደ ከላላ የተነሳሁት።

ኅዳር 4፣ ከላላ

አክስቴ ከደጃፋቸው ቆመው ጠበቁኝ። ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ? ስኳር ያዘህ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ አክስቴ። በፈቃዴ ነው የከሳሁት።»

«በፈቃድህ!» አሉና ዝም አሉ። ቆይተው «በሰባ ሰባቱ ረሃብ በፈቃዱ የከሳ ሰው አላየሁም» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እዚህ አገር ሥጋ ማለት ስንቅ ነው፤ «ወፈርክ» ማለትም ምርቃት ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ። አክስቴ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ እኔ የመጣሁት ከሁለተኛው ወገን ነው። ሁለቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተገናኘን።

እናቴ ክርስቲያን አግብታ አገር ለቃ የወጣች ናት፤ አክስቴ እስላም ናቸው። ስለዚህ ዶሮዋን ያረደው ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው፤ ሠርታ ያመጣችውም ሚስቱ ናት። ለእኔ ሲባል ሁለት ቤት ጭስ ጨሰ። እንዲህ የተዘጋጀ ምግብ ፊት «ዳይት ላይ ነኝ» የሚል አፍ የለኝም። በላሁ።

ኅዳር 6

ጠዋት ከአክስቴ የልጅ ልጅ ጋር ወደ ምንጩ ወረድኩ። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። የከላላ መሬት ከላይ ሜዳ ይመስላል፤ ዳር ሲደርሱ ግን በድንገት ተሰንጥቆ ይወርዳል፤ ውሃውም ሰውም ቁልቁል ነው። መመለሻው ላይ ጄሪካኑን ተቀበልኳት። 20 ሊትር ነው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠና ተቀመጥኩ። ልጅቷ ምንም ሳትል ግማሹን ይዛው ወደነበረ ሌላ ባዶ ጄሪካን ገለበጠችና ለሁለት ተሸክመን ወጣን።

እጄ ላይ የቀረው አሥር ሊትር፣ ማለትም አሥር ኪሎ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሰውነቴ ያራገፍኩት ይህን ያህል ነበር። በየካቲት ይህን ጄሪካን ሌት ተቀን ተሸክሜ እኖር ነበር፤ ደረጃ ስወጣ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ተኝቼ ስገላበጥ ሳይቀር። ሸክሙ ሲወርድ ሰውነቴ ለመንቀሳቀስ የሚያወጣው ጉልበትም አብሮ ወረደ። በ96 ኪሎዬ ያከሳኝ የነበረው ምሳ በ85 ኪሎዬ ልክ የሚበቃኝ ምሳ ሆነ። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አሰልጣኙም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሌላም ነገር አለ። ሄርማን ፖንዘር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ታንዛኒያ ውስጥ በአደንና በለቀማ የሚኖሩትን ሐድዛዎች ለክተው እ.ኤ.አ በ2012 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል። ቀኑን በእግራቸው ሲባዝኑ የሚውሉት ሐድዛዎች፣ የሰውነት መጠን ታስቦ ሲነጻጸር፣ በቀን የሚያቃጥሉት ጉልበት ወንበር ላይ ከሚውለው ምዕራባዊ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት በእግር ያወጣውን ከሌላ ቦታ ይቆጥባል ማለት ሊሆን ይችላል። ሩጫዬን 20 ደቂቃ ባራዝም ሚዛኑ ለምን እንዳልሰማኝ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ሩጫ ለልብና ለደም ሥር ነው፤ ለዚያ አልተወውም።

ኅዳር 7

ዝናብ ሳይሆን ጉም ነው ቤት ያዋለን። አክስቴ ከጎታው ገብስ እየቀዱ ያጫውቱኝ ጀመር። ጎታው በጭቃና በጭድ ተለስኖ የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት የማይተናነስ ነው። አሁን አፉ ድረስ ሞልቷል፤ በቁና እየሰፈሩ ያወጣሉ። ክረምት ላይ እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው።

«ሰኔ ላይ ወገቡ ጋ ሲደርስ ቁናውን አስቀምጬ በጣሳ እሰፍራለሁ። ሐምሌ ላይ ጣሳውንም አልሞላውም። ማንም አይነግረኝም፤ እጄ ያውቃል።»

«ልጆቹ አይራቡም?»

«ይራባሉ እንጂ። ግን መስከረም ይደርሳሉ።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ ይህን የጻፍኩት እሳቸው ፊት ነው። ሰውነቴ ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው። ጎታው ሲጎድል እጁን አጠበበ።

እ.ኤ.አ በ1944 መጨረሻ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ሰብስቦ ነበር፤ የዓለም ጦርነቱ ሲያበቃ የተራበውን አውሮፓ እንዴት እንደሚመግቡ ለማወቅ። ለ24 ሳምንት ምግባቸውን ግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። ከክብደታቸው ሩቡን አጡ፤ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያወጣው ጉልበት ግን በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። የልባቸው ምት ዘገየ፤ በሙቀት መካከል በረዳቸው፤ ከምግብ ሌላ ወሬ አጡ። እ.ኤ.አ በ2016 ደግሞ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ውድድር ላይ ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ሰውነታቸው አሁንም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ያወጣ ነበር። የቆጠበው እጅ ቶሎ አይፈታም።

በዚያው ዓመት የሆል ቡድን ሌላ ግምት አውጥቷል፦ አንድ ኪሎ በቀነስን ቁጥር የምግብ ፍላጎታችን በቀን 100 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። የእኔን 11 ኪሎ አሰብኩ። ማታ ማታ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆሜ ራሴን ስረግም የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ወስላታ አልነበርኩም፤ ተርቤ ነበር።

ግን አንድ ነገር አልዋሽም። ሰውነት ቢቆጥብም ከምንም ነገር ሥጋ አይሠራም። የሚኒሶታዎቹ ልጆች እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት እየከሱ ነበር። አክስቴ ስለ ሰባ ሰባት ሲያወሩም ያየሁት ይህንን ነው፤ ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም፣ የነገሩኝ ለእኔ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ 85 ላይ የቆምኩት በቁጠባው ብቻ ሊሆን አይችልም። የሆነ ቦታ ሳላውቀው እበላ ነበር።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አክስቴ ዛሬ ሱና ጾመዋል። ለእኔ ግን ቡናው አልቀረም፤ በጨው ነው፣ እንደ አገሩ። የልጅ ልጃቸው አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እያቀረበች ቆሎውን ገፋ ታደርግልኛለች። ማታ ሲያፈጥሩ አክስቴ በደስታ «ሁለት ጣሳ ገብስ አስቆልቼ ነበር፤ አንዱን ጣሳ አንተ ጨረስከው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

እኔ ቁርስ አልበላሁም ብዬ ነበር የማስበው።

ኅዳር 9

ያን ጣሳ ሙሉ ቆሎ ወስጄ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 350 ግራም። ከደረቀ እህል 100 ግራሙ 350 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በድምሩ ከ1,200 በላይ መሆኑ ነው። የአንድ ሰዓት ሩጫዬ ይህን አይከፍለውም። ባለሱቁ ለምን እንደምመዝን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ቆሎ ምግብ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም እስከ ትናንት እንደዚያ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ያለውን ቀኔን መለስ ብዬ ቆጠርኩ። ቢሮ ውስጥ ከቡና ጋር የማነሳው ለውዝ፤ ማኪያቶው ላይ የሚወርደው ስኳር፤ ከሁሉም በላይ ዘይት። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ቀላል የበላሁ ይመስለኝ ነበር፤ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ የምሳ ቤቱ ምስር ወጥ ደግሞ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ነው የሚመጣው። ስቲቨን ሊችማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ «ብንጾምም አንቀንስም» የሚሉ ሰዎችን መርምረው ነበር። የሰዎቹ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት የተለመደው ያህል ነበር፤ ነገር ግን የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አብዝተው ይናገሩ ነበር። ዋሾ አልነበሩም። ያልሰፈሩትን ነው የተናገሩት። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ከቤታቸው የወጣውን እህል ግን በጣሳ ልክ ያውቃሉ።

ከሰዓት ወፍጮ ቤት ሄድን። ማዳበሪያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ እኔም ከነጋቢዬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ከብቦ ያያል። 85። የወፍጮው ባለቤት «ኩንታል ለመሙላት 15 ይቀርሃል፣ አብሽር» አለኝ። ቀበቶዬን ሳስር ግን ከነሐሴ ወዲህ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ መግባቱን አስተዋልኩ። ሚዛኑ ቆሟል፤ ወገቤ ግን አልቆመም። ውሃ፣ ጡንቻና ስብ ለየብቻ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ ሚዛን ደምሮ ነው የሚናገረው።

ኅዳር 12፣ የመጨረሻ ቀን

የምመለስበትን ዕቅድ ጻፍኩ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ረሃቡን ማቆም፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልክ የሚበቃኝን መብላት። እ.ኤ.አ በ2017 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ጥናት ሁለት ሳምንት እየቀነሱ ሁለት ሳምንት ያረፉ ወንዶች ያለማቋረጥ ከቀነሱት የበለጠ ኪሎ እንደወረደላቸው አሳይቷል። ሁሉም ጥናት ይህን አልደገመውም፤ ለእኔ ግን ዕረፍቱ ራሱ ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ ዘይትን በማንኪያ፣ ቆሎና ለውዝን በሲኒ መስፈር። ቁርስ ላይ እንቁላል ወይም ባቄላ፤ ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻንም ይጠብቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ሸክም፤ ያ ጄሪካን ጉልበቴ ምን ያህል እንደሳሳ አሳይቶኛል። ማታ በጊዜ መተኛት፤ እዚህ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራት ይጠፋል፣ በእነዚህ ቀናት ሌሊት ተነስቼ ምግብ አልፈለግኩም።

አክስቴ ሲሸኙኝ የበሶ ዱቄት አሸከሙኝ። «አትክሳ» አሉኝ፤ ቀጥለውም «እሺ፣ ክሳ፣ ግን አትራብ» አሉኝ።

የካቲት 18፣ አዲስ አበባ

ታኅሣሥ ውስጥ ሚዛኑ ምንም አላለም። ጥር 10 ቀን 83.5 ነበርኩ፤ ዛሬ ጠዋት 81.5። ከከላላ ከተመለስኩ ወዲህ ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ከበፊቱ ያነሰ ፍጥነት ነው፤ በሩጫው ላይ ግን አንድ ደቂቃ አልጨመርኩም። ከበሶው ለቁርስ የምሰፍረው በአክስቴ ልክ ነው።

ሚዛናችሁ የቆመባችሁ ሁሉ፣ ምግባችሁን እንደገና ከመቀነሳችሁ በፊት አንድ ሳምንት ወደ አፋችሁ የሚገባውን ሁሉ፣ ዘይቱንም ቆሎውንም፣ ሰፍራችሁ ጻፉ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ ክብደት ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ሳትፈልጉት ኪሎ የምትቀንሱም ዛሬውኑ ተመርመሩ። የአክስቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።