ከዋርድ መልስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ዋርድ ከገቡ ገና ሳምንታቸው ነው። ዛሬ አንዷ ስትከታተላቸው የነበሩ እናት አረፉ። አስከሬናቸውን አብራን ገነዘች፣ ቻርቱን ሞላች፣ ምሳ ግን አልቀምስም አለች። ከሰዓት ፈተና አለባት። «ሲስተር፣ ታጥቤም ዋርዱ ይሸተኛል» አለችኝ። ቢሮ አስገብቼ ልመክራት አልፈለግሁም፤ ግቢው ጥግ ካለው ወይራ ሥር ወሰድኳት። ስልካችንን አጥፍተን ዝም ብለን ተቀመጥን። ስለ እናትየዋ ማውራት የጀመረችው ራሷ ናት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7
ተማሪዎቹን ይዤ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄድኩ። ሽቅብ ስንወጣ መጀመሪያ ላይ ወሬው ሁሉ ፈተና ነበር። ዋርድ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ ጥያቄ ሲመጣበት ላብ የሚያጠምቀው ልጅ ኮሶ ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆመ። የሴቴዋ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ ለኮሶ ትል እንደሚጠጣ፣ አያቱ እንዴት ይለኩት እንደነበር፣ ሲበዛም እንደሚመርዝ ያስረዳ ጀመር። ጓደኞቹ ከበው በጥያቄ አጣደፉት፤ አንዴም አልተንተባተበም። ይህ ልጅ ፋርማኮሎጂ ይከብደዋል የሚል ካለ መጥቶ ይስማው!

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የሚታሰብ ልማድ ነውና ከተማው በጭስ ታፍኗል። አስም ያለባቸው ልጆች ስላሉ አልወጣንም። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት አስተማርኳቸው፦ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡት ሰዎች መካከል፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። «ታዲያ የእኛ ዋርድ መጋረጃ ቀን ለምን ይዘጋል?» አለች አንዷ። ጠዋት ጠዋት ማን እንደሚከፍት ተራ አወጡ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16
ባልደረባዬ «ለእነዚህ ልጆች የሚያሻቸው እንቅልፍ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሌሊት ዲዩቲ የነጠቀውን ዛፍ አይመልስም። ሁለቱም ያሻቸዋል እላለሁ። ከርክክብ በኋላ፣ ክፍል ከመግባታቸው በፊት 20 ደቂቃ ውጭ የሚቆዩበት ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ እንዲሰፍር ጠየቅሁ፤ ማርክ የማይያዝበት፣ ሪፖርት የማይጻፍበት። ኃላፊው «በትርፍ ጊዜያቸው ይውጡ» አሉ። የሳምንቱን ፕሮግራም ዘርግቼ ትርፍ ጊዜው የት እንዳለ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንድንሞክረው ፈቀዱ። ግቢው ስለሚጠብ በሁለት ቡድን እንወጣለን፤ የመጀመሪያው ረቡዕ ይጀምራል።