አምባሰልን በሐይቅ ዳር ማዳመጥ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማን ያገኛል፤ በውኃውም ዳር፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ይታየዋል። ጎረቤቱ አምባሰል ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ለአንደኛው ስሙን ያወረሰ አገር።

ይህን ቅኝት፣ በማሲንቆ የተዜመውን፣ በአገሩ ተቀምጠን በሁለት የጆሮ ማዳመጫዎች አወዳደርነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሶኒ ኤም.ዲ.አር. 7506 ነው፤ ጀርባው ዝግ ስለ ሆነ ነፋሱን ይከላከላል፤ የፈረስ ጭራውንም ፍትጊያ አጥርቶ ያሰማል። ነገር ግን ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጎላ፣ ሲቆይ ጆሮን ያደክማል። ሁለተኛው፣ በ1997 የወጣው ሴንሃይዘር ኤች.ዲ. 600፣ ጀርባው ክፍት ነው፤ ዘፋኙና ማሲንቆው ፊት ለፊት የተቀመጡ ያህል በልክ ይሰማሉ። ከበሮ ለሚወድ ሰው ወፍራሙ ድምፅ ያንሰዋል፤ ለባለ አንድ አውታሩ ማሲንቆ ግን የሚጎድለው የለም።

ለጆሮአችን የመረጥነው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ሆኖም ክፍት ጀርባ ዘፈኑን ለጎረቤትም ያካፍላል፤ መነኰሳት በሚጸልዩበት ዳርቻ ይህ አይገባም። ስለዚህ ወዲያ የሚሄድ ሰው ክፍቱን ለቤቱ አቆይቶ ዝጉን ይያዝ፤ ከገዳሙ ደጅ ሲደርስ ግን እርሱንም ያውልቅ።