የገበያ ፀሐይና ማድያት

እሑድ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰንበቴ

ገበያው ሞልቶ ከመድኃኒት ቤታችን ደጃፍ እስከ ደሴ መንገድ ድረስ መተላለፊያ ጠፍቷል። አፋሮቹ ፍየል፣ የጅሌ ገበሬዎች ማሾና ማሽላ ይዘው መጥተዋል። ማሾ የምትሸጠው ጎረቤታችን ሰፌዷን ለልጇ አደራ ብላ ገባችና፣ «ልጄ፣ ይኼ ማድያት ከጉበት ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ባለኝ፤ ስንቱን ሰው በከንቱ አስጨንቋል።

ሻሿን ገፋ አደረገችልኝ። ሻሹ የሸፈነው የግንባሯ ጫፍ ጥርት ያለ ነው፤ ጥቁረቱ የሚጀምረው ሻሹ ከሚያልቅበት ነው። ጉንጮቿና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለው ቦታ ግራና ቀኙ እኩል ጠቁሯል። የጀመራት የመጨረሻ ልጇን ስታረግዝ ነው። ከወለደች በኋላ ፈዘዝ ብሎላት ነበር፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ስትጀምር ተመለሰ። የማድያት ነገር እንዲህ ነው፤ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሆርሞን ይቀሰቅሳቸዋል፣ ፀሐይ ያባብሳቸዋል። በዘርም ይመጣል፤ እናቷም ነበረባቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ የመጣችው ልጅ ነገር አበሳጨኝ፤ እሷ ሳትሆን የሸጠላት ሰው። ከቦርሳዋ ያወጣችው ብልቃጥ ስም የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «ለማድያት» ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ ላይ ፊቷ ፈክቶ ጓደኞቿ ሁሉ «ከየት ገዛሽው?» ብለዋት ነበር። አሁን ጉንጯ ቀልቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ አገጯ ላይ ብጉር ፈልቷል፣ ጠጉርም አብቅላለች። መቀባቱን ስትተው ያቃጥላታል፣ ጥቁረቱም ብሶ ይመለሳል። ክሎቤታሶልን የመሳሰሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ፊት ላይ ሲከርሙ የሚያደርሱት ጉዳት ይህንኑ ይመስላል። እነዚህ ለኤክዜማና ለመሰል ሕመም ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች እንጂ የፊት ማስዋቢያ አይደሉም። «በአንዴ አታቋርጪው፤ ሐኪም ይይሽና ቀስ በቀስ ያስተውሽ» አልኳት።

ከዚህም የሚከፋው ሜርኩሪ ነው። ቆዳ ያነጣና ኩላሊት ይጎዳል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት በአንድ ኪሎ ማስዋቢያ ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ እንዳይኖር ከልክሎ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አባል አገሮቹ ያችንም ታህል እንዳትቀር ወሰኑ። ብልቃጥ ላይ ግን «ሜርኩሪ አለበት» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጎረቤታችን «ሎሚ ልቀባበት ወይ?» ብላ ልጇን ላከችብኝ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መዋል ቆዳውን አቃጥሎ ሌላ ጥቁረት ይጨምራል። ደሴ ዘመድ ስላላት እግረ መንገዷን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም እንዲያያት መከርኳት።

ማታ የድሮ ማስታወሻዎቼን ሳገላብጥ በ1975 እ.ኤ.አ. የሆነ አንድ ግጥምጥሞሽ አገኘሁ። አሜሪካዊው ሐኪም ክሊግማን ቆዳ የሚያነጣውን ሃይድሮኪኖን ከትሬቲኖይንና ከስቴሮይድ ጋር ቀላቅሎ የማድያት ሕክምናን መሠረት የጣለው በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ዜና ወጣ፤ ሃይድሮኪኖንን ለዓመታት ሲለቀለቁ የኖሩ ሴቶች ፊታቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የማይለቅ ጥቁረት ይዞ ቀረ። ልዩነቱ መጠኑ፣ ጊዜውና የሚከታተል ሐኪም መኖሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ጎረቤታችን ታክማ ብቅ አለች። 4 ከመቶ ሃይድሮኪኖን ማታ ማታ ለተወሰኑ ወራት ታዞላታል፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኗን አስቀድመው ጠይቀዋታል። ኪኒኑንም ሆርሞን በሌለው ሉፕ ለውጣለች። ቀን ቀን የሚቀባው ቀለም ያለው ሰንስክሪን ግን ዋጋው አልቀመስ ብሏታል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይመልሳል። እሷ ለጊዜው ሸራ ወጥራ፣ ጃንጥላ ጨምራ ትሸጣለች። ጉንጯ ፈዘዝ ብሏል፤ ከከንፈሯ በላይ ያለው ንቅንቅ አላለም። ማድያት በወራት እንጂ በሳምንት አይለቅም፣ ፀሐይ ካገኘም ይመለሳል።

የገበያውን ቦታ የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ለእነዚህ ሴቶች ጥላ ሥሩላቸው። ስም የሌለው ብልቃጥ የገዛችሁ እህቶቼም፣ ካልጀመራችሁት አትጀምሩት፤ ከጀመራችሁት ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።