ምላስ የሚያበርድ ትንፋሽ

የዳላስን ሰመር ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1980 የቀኑ ሙቀት ለ42 ተከታታይ ቀናት 100 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሆኖ ነበር፤ በ2011 ደግሞ እንዲህ ያሉት ቀናት በጠቅላላው 71 ደረሱ። እኔ ግን ዛሬ የማወራው የልጄን ፊት ስለሚያግለው ሌላ ሙቀት ነው።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። አያቱ ከደብረ ብርሃን ስትደውል ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። የምትለውን ይሰማል፤ መልሱንም ያውቃል። ግን «ጤና» ሲል «ቴና»፣ «ቀን» ሲል «ከን» ይሆንበታል፤ የአክስቱ ልጆች ሲስቁ ስልኩን እኔ ላይ ይጥላል። በመጨረሻ «ምላሴ አማርኛ አይችልም፣ አላወራም» አለ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። እሱ አማርኛውን ከተወው አያትና የልጅ ልጅ በምን ሊግባቡ ነው?

በዚያው ሰሞን አንዲት ህንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ «ሺታሊ» የሚባል አተነፋፈስ አሳየችኝ። ስሙ በሳንስክሪት ማቀዝቀዝን ያመለክታል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» ውስጥም ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፤ ምላስን ትንሽ አውጥቶ ጎንና ጎኑን እንደ ስትሮ መጠቅለል፤ በዚያ ቀዳዳ አየሩን ቀስ ብሎ መሳብ፤ ከዚያ አፍን ዘግቶ በአፍንጫ ማውጣት። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ምላሱ የማይጠቀለልለት ሰው ጥርሱን ገጠም አድርጎ በመሃሉ ይስባል፤ ይሄኛው «ሲትካሪ» ይባላል።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል? እንስራ ውሃ እንደሚያቀዘቅዘው ነው። የምላሱ እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልብን የሚያረጋጋው ግን ቀስ ብሎ መተንፈሱ ነው። ውሃንና ጥላን አይተካም። የኦዞን ማስጠንቀቂያ ባለበት ቀን ውጭ አይሠራም፤ አስም ያለበት ልጅ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ካዞረውም ያቁም። ዮጋ ሲባል የሃይማኖት ጥያቄ የሚነሳበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኛ የወሰድነው ትንፋሹን ብቻ ነው።

እቤት ስንሞክረው የልጄ ምላስ ወዲያው ተጠቀለለ፤ የኔ እምቢ አለ። በሳቅ ፈረሰ! «ምላሴ አይችልም» ያለው ልጅ የእናቱ ምላስ የማይችለውን ቻለ። ያኔ ነገርኩት፤ «ጠ»ን እና «ቀ»ን ስንል የጉሮሮው በር ይዘጋል፤ ድምፁ የሚፈነዳው እዚያው አፍ ውስጥ በታፈነው አየር ነው። ስለዚህ እጁን አፉ ፊት አድርጎ «ተ» እና «ጠ» እያለ ትንፋሹ እንዴት እንደሚለያይ ይፈትሻል። «ቴና» ገና አልለቀቀውም። ስልኩን ግን ይይዛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከመደወላችን በፊት በጥርሱ መሃል አየር ሲስብ እናቴ ስልኩን አንስታ ኖሮ ሰማችው።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ሚጥሚጣ በላህ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ምላሴን እያበረድኩ ነው» አላት።

እሷም ሚጥሚጣ ሲያቃጥላት እንዲሁ እንደምታደርግ ነገረችው። ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።