ሰበቡ ልጅ ነው

የባቡር መጫወቻ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ «ለራሴ ነው» የሚል ሽበታም ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም የሚገዛው ለልጁ ነው፤ ልጁ ካደገ ለልጅ ልጁ፣ እሱም ከታጣ ለእህቱ ልጅ። እኔም እዚህ ጀርመን አገር ሎኮሞቲቭ ከነሐዲዱ ታቅፌ ቤት ስገባ «ለልጅ ልጃችን ነው» ብል፣ ባለቤቴ ካርቶኑን ገላምጣ «ልጃችን መቼ አገባችና?» አለችኝ።

አባዜው የጀመረኝ ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ራሷ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከብዶት በግርጌው ሲያልፍ በ1902 እ.ኤ.አ. ተቆረቆረች። እዚያ ያደገ ልጅ ባቡር ካልሠራ ምን ሊሠራ ነው? ከሰርዲን ቆርቆሮ ፉርጎ፣ ከቆርኪ ጎማ እናበጅና በሲባጎ ቀጣጥለን የከዚራን ሰፈር ጥላ ለጥላ እንጎትተዋለን። የባቡሩ ርዝመት ሰፈሩ በበላው ሰርዲን ልክ ነው። ጭነቱ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲሆን፣ ከአሸዋው ሥር ከረሜላ እንደብቃለን፤ ኮንትሮባንድ ያልያዘ ባቡር ባቡር አይመስለንም ነበር።

በኋላ የነገሩን ምንጭ ሳጠያይቅ የፈረንጆቹም መነሻ ቆርቆሮ ሆኖ አገኘሁት። ማርክሊን የተባለው የጀርመን መጫወቻ ሠሪ ድርጅት በ1859 ጎፒንገን ውስጥ ሲቋቋም ይሠራ የነበረው ለአሻንጉሊት ማድ ቤት የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ ነው። የአሻንጉሊት ቤት ደግሞ ሞልቶ አያውቅም፤ ዛሬ ድስት ቢገዛለት ለከርሞ ወንበር ይጎድለዋል። ድርጅቱ ይህንኑ ብልሃት በ1891 ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ወደ ባቡር አመጣው። የሐዲዱን ስፋት በልክ ወሰነና፣ አንዴ ሎኮሞቲቭ የገዛ ሰው በየዓመቱ ፉርጎ፣ ጣቢያ፣ ዋሻ ሲጨምር እንዲኖር ፈረደበት።

አሜሪካ ውስጥማ መነሻው ላይ ልጅ የሚባል ነገር የለበትም። ጆሹዋ ላየነል ካወን በ1901 ኒው ዮርክ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ፉርጎ የሠራው ለሱቅ መስኮት ነበር፤ ሸቀጥ ጭኖ እየዞረ ገዢ እንዲጠራ። አላፊ አግዳሚው ግን ሸቀጡን ትቶ ፉርጎውን ሽጡልን አለ። ቦርሳ ይዞ የሚያልፍ አላፊ አግዳሚ መቼም ሕፃን አይደለም።

የሃምቡርጉ ፍሬድሪክ ብራውንም በ2000 ዙሪክ ውስጥ አንድ የባቡር መጫወቻ ሱቅ ሲያይ የልጅነት ፍቅሩ አገረሸበት። ለመንታ ወንድሙ ደውሎ በዓለም ትልቁን የባቡር መጫወቻ እንሥራ አለው። ከባንክ ተበድረው በዓመቱ የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ዛሬ ከ1,000 በላይ ባቡሮች ይርመሰመሱበታል። ብራውን በልጅ አላሳበበም፤ ባንክን ማሳመን ሚስትን ከማሳመን ሳይቀል አይቀርም።

እኔ ዘንድ ግን የሐዲዱ ስፋት አልገጥም አለ። የገዛሁት ሐዲድ 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ መጫወቻው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ፣ ሲባዛ 1,435 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ በ2016 የተመረቀው የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ልክ ነው። የእኔ የልጅነት ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ለእሱ የሚሆነው ባለ 12 ሚሊሜትሩ ነው። የላይፕዚጉ ፍርድ እኔም ላይ ጸናና አዘዝኩት። በላዩ የሚሄደው ሎኮሞቲቭ የሚሸጠው ለብቻው ነው።