የቤተሰብ ስም

ቢቸናና ሞጣ ያሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የትም ሆነው በአንድ የይለፍ ቃል እንዲገቡ፣ ሊኑክስ ላይ በኦፕንኤልዳፕ የሠራተኛ ማውጫ ዘረጋሁ። ኤልዳፕ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። የሰው መዝገብ ሲከፈት ሙሉ ስምና የቤተሰብ ስም ግዴታ ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለም፤ ልጅ የአባቱን፣ አባትም የአያትን ስም ያስከትላል። ባዶ ስተወው አልቀበልም አለ፤ የአባት ስም ሞላሁበት።

ጡረታ የተቃረቡ የሞጣ ሠራተኛ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ ጠዋት ጠዋት አባቴን ነው የሚጣራው። እሳቸው እኮ ካረፉ ቆዩ።»

ለካ የመግቢያው ሰላምታ ያንን ሣጥን ነበር የሚያነበው። ደነገጥኩ። የሁሉንም የራሳቸውን ስም ደግሜ ጻፍኩበት። ሰላምታው ተስተካከለ፤ በመዝገቡ ግን ሁላችንም የገዛ ራሳችን ልጆች ሆነን ቀረን።