ከድልድዩ ማዶ፣ በቼሳፒክ ውኃ ላይ

በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ቤተሰብ፣ አናፖሊስን እንዳለፈ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተውንና 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የቼሳፒክ ድልድይ ይሻገራል። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ወደ ኦሽን ሲቲ አሸዋ ይጣደፋል። እናንተ ግን ኢስተንና ኬምብሪጅ አካባቢ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። አገሩ ሜዳ ነው፤ የበቆሎ ማሳ፣ ረግረግ፣ ጥድ፣ ከዚያ እንደገና ውኃ። ብርዱ ሲገባ ዝይዎች ከካናዳ ይወርዱበታል።

እንዲህ ያለ አገር የራሱን ውሻ ቢያወጣ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ1807 በሜሪላንድ ጠረፍ ከምትሰምጥ መርከብ ሁለት ቡችሎች ተረፉ፤ የቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር ዘር ታሪክ ሲተረክ ከእነርሱ ይጀምራል። ከ1964 ጀምሮም የክፍለ ግዛቱ መለያ ውሻ ነው። ሪትሪቨር ማለት አዳኝ የጣለውን ወፍ ሳያኝክ አንሥቶ የሚያመጣ ነው።

ወፉ ሲወድቅ ውሻው ካየ ሥራው ቀላል ነው። ችግሩ ሳያየው ከሸምበቆ ጀርባ የወደቀ እንደሆነ ነው። ይህን «ብላይንድ» ይሉታል፤ ቦታውን የሚያውቀው ሰውዬው ብቻ ነው። የቆሰለ ዳክዬ ካልተገኘ እዚያው ተሠቃይቶ ይሞታል። የአሜሪካ ሕግም አዳኙ የጣለውን ወፍ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ያስገድደዋል።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ሰውዬው ውሻውን ከጎኑ አስቀምጦ አቅጣጫውን ያሲዘውና «ባክ!» ብሎ ይልከዋል። ከመስመሩ ከወጣ አንድ ጊዜ ፊሽካ ይነፋል። ውሻው እዚያው ውኃ ላይ እየቀዘፈ ፊቱን ወደ ጌታው ያዞራል። ከዚያም ክንድ ወደተዘረጋበት ጎን ይዋኛል፤ ክንድ ወደ ላይ ከተነሣ ጀርባውን ሰጥቶ ይርቃል።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። ውሻ ግን ዳርቻ ይወዳል። ኩሬውን በሰያፍ ከመቁረጥ ይልቅ ዳር ዳሩን መሮጥ ይቀለዋል፤ መንገዱ ላይ ደረቅ መሬት ካገኘም ወጥቶ እዚያው ማሽተት ይጀምራል። የጎን ነፋስ ሳይታወቀው ከመስመሩ ይገፋዋል፣ የፊሽካውንም ድምፅ ይውጠዋል። ተሳሳተ ቢባል ደርሶ የሚይዘው ሰው የለም! በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ክብደት እዚህ ላይ ነው፦ እግሩ መሬት ያልነካ እንስሳ ዞሮ የሚያየው ጌታውን ካመነ ብቻ ነው። ውኃ ውስጥ ሳለ ደጋግሞ የተቀጣ ውሻ ውኃውን ራሱን መሸሽ ይጀምራል።

ስለዚህ አስተዋይ አሠልጣኞች ሥራውን ከየብስ ይጀምራሉ። መለማመጃዎችን በቀኝ፣ በግራና በኋላ ከምረው ውሻውን መሐል ያስቀምጡና ፊሽካውንና የእጁን ምልክት እስኪለይ ድረስ ያመላልሱታል። ቀጥሎ ትንሽ ኩሬ፣ ያውም ውኃው ሲሞቅ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተጀመረ ትምህርት ጥላቻ ያተርፋል። መለማመጃው ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ነው። ለእኛ ከሩቅ ያበራል፤ ቀይና አረንጓዴን በደንብ የማይለየው የውሻ ዓይን ግን ከሣሩ መሐል ለይቶ አያየውም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። (ለባልና ሚስት የሚመች ሥራ ነው፤ አንዱ ከሸምበቆው ጀርባ ይደብቃል፣ ሌላው ይልካል።)

ለማየት የሚፈልግ ቤተሰብ በኖቬምበር ወር ኢስተን ከተማ በሚካሄደው የውኃ ወፎች በዓል ላይ የሪትሪቨሮችን ትርዒት ያገኛል። ከኩሬው አጠገብ ነፋሱ ይበረታልና ለልጆቹ ወፍራም ሹራብና ቦት ጫማ አትርሱ።